ልዩነቴ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ

ክቡር አዘጋጅ፣

የእድር፣ የቤት ማኅበር፣ የወላጅ ኮሚቴና የኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ የሚደራረብበት ሰሞን ነውና አንባቢ ቢወያይበት ብዬ ይህን ጻፍኩ። የማኅበራትን ቃለ ጉባኤ የሚያገላብጥ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ትገጥመዋለች፦ «ጉባኤው በስፋት ከተወያየ በኋላ የቀረበውን ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል።» ብዙዎቻችን ይህችን መስመር የአንድነት ምልክት አድርገን እናያታለን። ሒሳብና ቃለ ጉባኤ መመርመር ሥራው የሆነ ሰው ግን ሲያነባት መጠርጠር አለበት። ሦስት መቶ ሰው ስለ ገንዘብ በተወያየበት አዳራሽ ውስጥ አንድም የተለየ ሐሳብ ካልተሰማ፣ ወይ ሰው አልተጠየቀም፣ ወይ ተጠይቆ ፈርቷል፣ ወይ ተናግሮ ጸሐፊው ሳይጽፈው ቀርቷል።

ከሌላው ተለይቶ ማሰብ ድፍረት ይጠይቃል ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው። ሆኖም ድፍረቱን ሁሉ ከአንድ ሰው መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። እጁን አውጥቶ «እኔ አልስማማም» የሚል አባል የሚከፍለው ዋጋ አለ። ያንን ዋጋ የሚያስወድዱት ወይም የሚያረክሱት ሰብሳቢው፣ ጸሐፊው፣ የአጀንዳው ቅደም ተከተልና ድምፅ የሚሰጥበት መንገድ ናቸው። በዚህ ደብዳቤ የማነሣውም ዋጋው እንዴት እንደሚቀንስ ነው።

ምሳሌ ልውሰድ። 300 አባላት ያሉት፣ በወር 100 ብር የሚያዋጣ እድር አለ እንበል። በዓመት 360,000 ብር ይሰበስባል። ለጥበቃና ለንብረት ሠራተኛ በወር 4,000 ብር፣ በዓመት 48,000 ብር ይከፍላል፤ ለድንኳን ማሳደሻ፣ ለዕቃ መተኪያና ለማጓጓዣ 30,000 ብር ያወጣል። በዓመት በአማካይ 15 ሐዘን ይደርስበታል፤ ለእያንዳንዱ 10,000 ብር ስለሚሰጥ ይህ 150,000 ብር ነው። ወጪው ሁሉ ሲደመር 228,000 ይሆንና 132,000 ብር ይተርፋል። ሒሳብ ሹሙ ይህን ትርፍ ሲያነብ አንድ ደግ አባት ይነሡና «ገንዘቡ ባንክ ከሚተኛ ለሐዘንተኛ የምንሰጠው ወደ 20,000 ይደግ» ይላሉ። አዳራሹ ያጨበጭባል።

ወደ ኋላ የተቀመጠች አንዲት አባል ግን በልቧ ታሰላለች። 20,000 በ15 ሲባዛ 300,000፤ የደመወዙና የዕቃው 78,000 ሲጨመርበት 378,000። ከገቢው በ18,000 ብር ይበልጣል። ይህ እንግዲህ በአማካይ ዓመት ነው። ሐዘኑ 22 የሚደርስበት ክፉ ዓመት ቢመጣ ወጪው 518,000፣ ጉድለቱ 158,000 ብር ይሆናል። ስሌቱ ከማባዛትና ከመደመር አያልፍም፤ የሚከብደው ተነሥቶ መናገሩ ነው። ለሐዘንተኛ ይጨመር ሲባል የተቃወመ ሰው ጨካኝ ይባላል፤ ሐሳቡን ያመጡት ደግሞ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጭብጨባውም ገና አልበረደም። ከሁሉ በላይ እድር ውስጥ የሚያስፈራው የነገ ቀብር ነው። «እኔስ ሲደርስብኝ ማን ይቆምልኛል?» የሚለው ሐሳብ ከየትኛውም ተግሣጽ ይበልጥ አፍ ያዘጋል። ስለዚህ ስሌቷን እንደያዘች ትቀመጣለች። ሁለት ወንበር አልፎ የተቀመጠው ሰው ያንኑ አስልቶ እንደ እሷው ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል። አንዳቸው የሌላቸውን ሐሳብ የሚያውቁበት መንገድ የለም። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ይጸድቅና በሁለተኛው ዓመት እድሩ ልዩ መዋጮ ይጠራል።

ይህ ዝምታ ተለክቷል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰለሞን አሽ የሚባል በፖላንድ የተወለደ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ የሚሆኑ ተማሪዎችን በአንድ ክፍል እያስቀመጠ ሁለት ካርዶች ያሳያቸው ነበር። በአንዱ ካርድ ላይ አንድ መስመር ተሰምሯል፤ በሌላው ላይ ርዝመታቸው የሚለያይ ሦስት መስመሮች አሉ። ከሦስቱ የትኛው ከመጀመሪያው ጋር እኩል እንደሆነ ተማሪዎቹ በየተራ ጮክ ብለው ይናገራሉ። መልሱ ለዓይን ግልጽ ነው፤ ለብቻቸው የተጠየቁ ሰዎች ከመቶ አንዴ እንኳ አይሳሳቱም ማለት ይቻላል። በክፍሉ ውስጥ ግን ከአንዱ በስተቀር ሁሉም አስቀድመው የተመከሩ ነበሩ። ከ18ቱ ዙር በ12ቱ ሆን ብለው ሁሉም አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ምንም የማያውቀው ተማሪ ተራው የሚደርሰው ወደ መጨረሻው ነው። ሙከራው በ123 ተማሪዎች ላይ ተደርጎ ከመልሶቻቸው 36.8 በመቶው ከብዙኃኑ ጋር አብሮ የተሳሳተ ሆነ። ከአራቱ ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ሰው ያለውን ደገሙ። ሩብ ያህሉ ደግሞ አንዴም አልተበገሩም። ከእድራችን ስሌት ጋር ቢነጻጸር የመስመሩ ጥያቄ በጣም ቀላል ነው፤ ነገ ተማሪውን የሚቀብሩትም አብረውት የተቀመጡት አይደሉም።

ለሰብሳቢ የሚጠቅመው ግን አሽ ሙከራውን እየለዋወጠ ያገኘው ነው። ተማሪው የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ሲገጥመው ስህተቱ 3.6 በመቶ ነበር፤ ሁለት ሲሆኑ 13.6፣ ሦስት ሲሆኑ 31.8 በመቶ ደረሰ። ከዚያ በላይ ቁጥሩ ቢጨምርም ጫናው እምብዛም አልጨመረም። ስለዚህ ሰውን ዝም ለማሰኘት አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አያስፈልግም፤ ከመድረክ ላይ ተከታትለው የሚናገሩ ሦስት የኮሚቴ አባላት ይበቃሉ። በሌላ ዙር ደግሞ ትክክለኛውን መልስ የሚናገር አንድ አጋር ሲገባ ስህተቱ ወደ ቀድሞው ሩብ ወረደ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ይህ ነው፦ አጋሩ ከብዙኃኑ ተለይቶ እሱም ከእነሱ የባሰ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ እንኳ የተማሪው ስህተት ወደ 9 በመቶ ዝቅ አለ። አንድነቱ አንዴ ከተሰነጠቀ፣ ሰንጣቂው ልክ ባይሆንም፣ ሌላው የራሱን ዓይን ማመን ይጀምራል። እንግዲህ በጉባኤ ላይ አጉል ነገር የሚናገር የሚመስለንን ሰው «ቁጭ በል፣ ጊዜ አታባክን» ስንል የምናፍነው ከኋላው ያሉትን ጭምር ነው። የተማሪው መልስ በጽሑፍ ብቻ እንዲሆን ሲደረግም ስህተቱ በእጅጉ ቀነሰ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ 133 ተመሳሳይ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩ፣ ማኅበራዊ ትስስር በሚጠነክርባቸው አገሮች ከብዙኃኑ ጋር የመስማማት ዝንባሌ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ትስስራችን ሀብታችን ነው፤ ለዚያው ነው በስብሰባ ሥርዓታችን ላይ ከሌላው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብን።

ጫናው ስብሰባው ሳይጀመርም ይጀምራል። በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የይምላ ልጅ የሚክያስን ታሪክ ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። አራት መቶ ነቢያት ንጉሥ አክዓብን ወደ ሬማት ዘገለዓድ ዘምተህ ታሸንፋለህ ብለውታል። ሚክያስን ሊጠራ የሄደው መልእክተኛ በመንገድ ላይ የመከረውም ነቢያቱ ሁሉ በአንድ አፍ ለንጉሡ መልካም ተናግረዋልና የአንተም ቃል እንደ እነሱ ይሁን ብሎ ነው። ይህ መልእክተኛ ዛሬም በየሰፈሩ አለ፤ የጉባኤው ዋዜማ ማታ ስልክ ደውሎ «ነገሩ አልቋል፣ አንተም እንዳታበላሽ» ይላል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የውሳኔው ሐሳብ ከነአሃዙ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከጉባኤው ቢያንስ ሰባት ቀን በፊት ለሁሉም ይድረስ፤ በቴሌግራም ይለቀቅ፣ ስልክ ለሌላቸው በወረቀት ይሰጥ። ገጹ የሦስት ዓመት ገቢና ወጪ፣ የሐዘኑን ቁጥር በየዓመቱ፣ የታሰበውን ለውጥ፣ ክፉ ዓመት ቢመጣ የሚሆነውን ይያዝ። አሃዙን ቤቱ ተቀምጦ ያየ ሰው ለመናገር የሚያስፈልገው ድፍረት፣ አዳራሽ ውስጥ ድንገት ከሰማው ሰው በጣም ያነሰ ነው።

አጀንዳ ሲደረደር የሚሠራ ስህተት አለ። ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ወደ መጨረሻ ይገፋል፤ አንዳንዴም የገንዘብ ውሳኔ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ይገባል። ሁለት ሰዓት ተኩል የተቀመጠ ሰው ቤቱ መሄድ ይፈልጋል፤ በዚያች ሰዓት ጥያቄ የሚያነሣ ሰው የሦስት መቶ ሰው ጠላት ነው። የገንዘብና የመተዳደሪያ ደንብ ለውጥ በመጀመሪያው ሰዓት ይቅረብ፤ በ«ልዩ ልዩ» ሥር ምንም ዓይነት ወጪ እንዳይጸድቅ ደንቡ ይከልክል።

ውይይቱ ከመከፈቱ በፊት ሁሉም ሐሳቡን ለብቻው ይጻፍ። አንድ የኤ4 ወረቀት አራት ቦታ ይቆረጣል፤ ለ300 ሰው 75 ወረቀት ይበቃል። ሰው ስሙን ሳይጽፍ «እስማማለሁ»፣ «አልስማማም» ወይም «ጥያቄ አለኝ» ብሎ አንድ ምክንያት ይጨምራል። ወረቀቱ በከረጢት ተሰብስቦ ይደባለቅና ጸሐፊው ሳይመርጥ ከላይ ከላይ እያነሣ ያነባል፤ ቢያንስ ሠላሳውን። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ያቺ ስሌት የያዘች አባል ከራሷ ሌላ አራት ሰው «ገንዘቡ ይበቃል ወይ?» ብሎ መጻፉን የምትሰማው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ውይይቱ ከሞቀ በኋላ ከታደለ ግን ጥቅም የለውም፤ ያን ጊዜ ሰው የሚጽፈው የሰማውን ነው።

የንግግር ተራም ይታሰብበት። በባህላችን ታላቅ ይቀድማል፤ ታላቅ ከተናገረ በኋላ ደግሞ ታናሽ የተለየ ነገር መናገር ይከብደዋል። የጥንት አይሁድ የሕግ ድርሳን የሆነው ሚሽና ይህን ችግር አውቆ፣ በሞት የሚያስቀጣ ክስ ሲታይ ዳኞች አስተያየት መስጠት የሚጀምሩት ከዳር ከተቀመጡት፣ ማለትም በማዕረግ ከሚያንሱት ነው ብሎ ደንግጓል። እኛም ክብሩን ሳንነካ ይህን ማድረግ እንችላለን፦ ታላላቆች ጉባኤውን በምርቃት ይክፈቱ፣ ሐሳባቸውን ግን በመጨረሻ ይስጡ። ሰብሳቢው ደግሞ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ የራሱን አቋም ፈጽሞ አይናገር። «ኮሚቴያችን በደንብ አይቶታል» የምትለው መግቢያም አቋም ናት፤ ትቅር።

የሰብሳቢው አጠያየቅ ብዙ ይለውጣል። «የሚቃወም አለ?» ብሎ አዳራሹን ቃኘት ማድረግ ሰውን ከወንበሩ ጋር የሚያጣብቅ ጥያቄ ነው፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ወዲያው «ተቃዋሚ» ይሆናል። በዚህ ፈንታ «ይህን ብንወስን በየት በኩል ሊያስቸግረን ይችላል? ሦስት ነጥብ ሳንሰማ ድምፅ አንሰጥም» ይበል። ያን ጊዜ ችግሩን መናገር ጉባኤው የጠየቀው ሥራ ይሆናል። ከጥያቄው በኋላ ሰብሳቢው ዝም ማለትንም ይልመድ። አምስት ሰከንድ ጠብቆ «እሺ፣ የለም፣ እንለፍ» የሚል ሰብሳቢ መልስ አልፈለገም። ግማሽ ደቂቃ ዝም ቢል መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ከዚያ አንድ እጅ ይወጣል።

ድምፅ አሰጣጡ ላይ እጅ ማውጣት ለሻይ ሰዓት ምርጫ ይበቃል፤ ለገንዘብና ለሰው ጉዳይ ግን ምስጢራዊ ይሁን። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አባላት ስላሉን አይሆንም ይባላል። ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ ይሰጠው፤ ባቄላ ድጋፍ፣ ሽምብራ ተቃውሞ። በመጋረጃ ጀርባ ሁለት ማሰሮ ይቀመጥ፤ አንዱ የድምፅ፣ ሌላው የተረፈ። ሰው ገብቶ የመረጠውን በድምፅ ማሰሮ፣ የቀረውን በተረፈ ማሰሮ ይጥላል፤ ባዶ እጁን ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንድ ማሰሮ ብቻ ሲቀመጥ ነው፤ በእጅ የቀረችው ፍሬ ደጅ ላይ ትታያለች፣ ምስጢሩም ያልቃል። በማሰሮዎቹ ውስጥ ከታች ጨርቅ ካልተነጠፈ ደግሞ የባቄላና የሽምብራ አወዳደቅ በድምፁ ይለያል። ቆጠራው ራሱን ይፈትሻል፦ በሁለቱ ማሰሮ ያለው ባቄላ ሲደመር ከመራጩ ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ሽምብራውም እንዲሁ። ካልገጠመ ይደገማል። ድምፀ ተአቅቦ የሚፈልግ ሁለቱንም በተረፈ ማሰሮ ይጥላል።

በእጅ ሲቆጠርም ቢሆን ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ ለየብቻ ይቆጠሩ፤ ድምራቸው ከተገኘው ሰው ጋር ይመሳከር። ጸሐፊዎች በአብዛኛው የሚያደርጉት ተቃዋሚውን ቆጥረው የቀረውን ሁሉ ለድጋፍ መስጠት ነው። አራት ሰው ተቃወመ፤ ከ210 ሰው 206 ደገፈ ተብሎ ይጻፋል። ከ206ቱ ውስጥ እጁን ያወጣው 90 ቢሆንስ? የተቀረው 116 ሰው ምን እንዳሰበ መዝገቡ አይናገርም።

የሠለጠነ ተቋም ከዚህ የተጠበቀ እንዳይመስለን። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ጥር 28 ቀን 1986 (እ.ኤ.አ.) ከመነሣቷ በፊት በነበረው ምሽት በተደረገ የስልክ ስብሰባ፣ ሮኬቶቹን የሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች ሮጀር ቦዥሌና አርኒ ቶምፕሰን በቅዝቃዜ እንዳትነሣ ተከራክረው ነበር። ምክንያታቸው መካኒኮች ኦሪንግ የሚሉት የጎማ ማሸጊያ በብርድ ይጠነክራል፣ ክፍተቱንም በፍጥነት አይዘጋም የሚል ነው። ከዚያ በፊት ከሁሉ በቀዘቀዘው ቀን መንኮራኩር ስትነሣ ሙቀቱ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር፤ ለማግስቱ የተተነበየው ግን ከዜሮ በታች ነው። ኩባንያው መጀመሪያ አትነሣ አለ። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ ሰዎች ቅሬታ ሲያሰሙ ለብቻችን እንምከር ብሎ ስልኩን ዘጋ፤ በዚያች ምክክር አንድ ከፍተኛ ኃላፊ የምህንድስና ክፍሉን ኃላፊ የመሐንዲስነት ባርኔጣህን አውልቅና የሥራ አመራር ባርኔጣህን አድርግ አለው። ድምፅ የሰጡት አራት የሥራ አመራር አባላት ናቸው። መሐንዲሶቹ ድምፅ አልተጠየቁም። መንኮራኩሯ በተነሣች በ73 ሰከንድ ተበታትና ሰባት ሰዎች ሞቱ። እዚያ ክፍል ውስጥ ድፍረት አልጠፋም፤ ሰዎቹ ተናግረዋል። የጠፋው የተናገሩትን ወደ ድምፅ የሚያደርስ ሥርዓት ነው። አለን ማክዶናልድ የተባለው የኩባንያው ኃላፊም ይነሣ የሚለውን ማረጋገጫ አልፈርምም ብሎ ነበር፤ አለቃው ፈረመለት። ማክዶናልድ ምስክርነቱን ከሰጠ በኋላ ከቦታው ዝቅ ተደርጎ፣ በኮንግረስ ግፊት ተመልሶ፣ የሮኬቱን መገጣጠሚያ እንደገና የመሥራቱን ሥራ መራ።

አሁን ወደ ተናጋሪው ልመለስ፤ ሰብሳቢው ሁሉን ቢያስተካክልም ሰው መነሣቱ አይቀርም። ከጉባኤው በፊት አንድ አጋር ይፈልግ። የአሽ ቁጥሮች እንደሚያሳዩት አንድ በቂ ነው፤ አሥር መሰብሰብ ግን አንጃ ያስመስላል፣ መልሱም «ተደራጅተው መጡ» ይሆናል። አጋሩ የግድ መደገፍ የለበትም፤ «ይህን ጥያቄ እኔም መልሱን መስማት እፈልጋለሁ» ካለ ሥራውን ሠርቷል። ሲነሣ ነገሩ ለአስተያየት ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። በነቢዩ ሙሐመድ ታሪክ ሑባብ ኢብኑል ሙንዚር በበድር ዘመቻ ያደረገው ይህንኑ ነው፦ ሠራዊቱ የሰፈረበት ቦታ ከአላህ የታዘዘ ነው ወይስ የጦር ስልት አስተያየት ብሎ ጠየቀ፤ አስተያየት መሆኑ ሲነገረው ወደ ውኃው ጉድጓድ እንዲቀርቡ ሐሳብ አቀረበ፣ ተቀባይነትም አገኘ። በእድራችንም «ይህ የተወሰነ ነገር ነው ወይስ ልንመክርበት የቀረበ?» የምትል ጥያቄ «ልንመክርበት ነው» የሚል መልስ ካገኘች በሩ ተከፍቷል ማለት ነው።

ከዚያ የጋራውን ዓላማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥቀስ፣ ወዲያው ወደ ቁጥር ይግባ። «ለሐዘንተኛ መጨመሩን እኔም እሻለሁ። ነገር ግን በ20,000 ሒሳብ 15 ሐዘን ቢደርስ 18,000 ብር ይጎድለናል፤ 22 ቢደርስ 158,000።» ከዚህ በኋላ አማራጭ ያስከትል፤ አማራጭ የሌለው ተቃውሞ ቶሎ ይረሳል። ክፍያው 15,000 ቢሆን በአማካይ ዓመት 57,000 ይተርፋል፣ በክፉ ዓመት 48,000 ይጎድላል፤ መጠባበቂያ ይሸፍነዋል። ወይም ክፍያው 20,000 ሆኖ መዋጮው 130 ብር ቢሆን ገቢው 468,000 ይደርሳል፤ በአማካይ ዓመት 90,000 ይተርፋል፣ በክፉ ዓመት 50,000 ይጎድላል። ንግግሩ ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። የሐሳቡን አምጪ ስም አይጥራ። ጫጫታ ከተነሣ ድምፁን ከፍ በማድረግ ፈንታ «ከየትኛው አሃዝ ጋር ነው ያልተስማማችሁት?» ብሎ ይጠይቅ፤ ጭቅጭቁ ከሰውየው ላይ ወርዶ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል።

በሁሉ ነገር ላይ የሚቃወም ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም። በዓመት ስድስት ጊዜ በስድስቱም አጀንዳ የተነሣ ሰው ሰባተኛው ላይ እውነት ቢይዝ እንኳ የሚሰማው አያገኝም፤ ተቃውሞ መስማት የሰለቸው ጉባኤም ይፈጥራል። ብዙኃኑ ልክ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። አሃዙን ፈትሾ ልክ ሆኖ ያገኘ ሰው ልክ ነው ብሎ መመስከር አለበት። ተሸንፎ ከወጣ ደግሞ ውሳኔውን እንደማንኛውም አባል ይፈጽም፣ መዋጮውን በወቅቱ ይክፈል። ማኪያቶ ቤት ተቀምጦ ውሳኔውን ማማት በጉባኤው ላይ የገነባውን ታማኝነት ያፈርስበታል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልዩነቴ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

ይህ አዲስ ልማድ አይደለም። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው ሲፈርዱ፣ ያልተስማማ ዳኛ ምክንያቱን «የሐሳብ ልዩነት» ብሎ ከፍርዱ ሥር ያሰፍራል፤ ከፍርዱም ጋር ይታተማል። በ1952ቱ የንግድ ሕጋችንም ጥፋት የሌለበት የአክሲዮን ማኅበር የቦርድ አባል ተቃውሞውን ወዲያው በቃለ ጉባኤ መዝገብ አስመዝግቦ ለኦዲተሮች ከተላከለት ከኃላፊነት ይድን ነበር። እድርና የቤት ማኅበር ይህን ቢወስዱ ወጪው የአንድ ገጽ ቀለም ነው።

አመዘጋገቡ ግን ልክ ይሁን። «አንዳንድ አባላት ቅሬታ አሰምተዋል» የሚለው ምዝገባ አይባልም፤ ምን እንዳሉ አይታወቅም። ጸሐፊው የተናጋሪውን ምክንያት በራሱ በተናጋሪው ቃል ከነአሃዙ ይጻፈው፣ እዚያው ጮክ ብሎ ያንብብለት፣ ተናጋሪው አይቶ ይፈርም። በመተዳደሪያ ደንቡም በጉባኤ በሰጠው አስተያየት ምክንያት የማንም አባል የእድር መብት፣ የድንኳንና የዕቃ አገልግሎት፣ የቀብር ሥነ ሥርዓት እንደማይጓደል በግልጽ ይግባ፤ ይህን የጣሰ የኮሚቴ አባልም ምን እንደሚደርስበት አብሮ ይጻፍ። ፍርሃቱ የቀብር ፍርሃት ስለሆነ መልሱም በዚያው ቦታ መሰጠት አለበት።

ለጸሐፊዎች የሚሆን አጻጻፍ ይኸው፦ «በአጀንዳ ተራ ቁጥር 1 ላይ የተገኙት አባላት 210፤ ድጋፍ 150፣ ተቃውሞ 38፣ ድምፀ ተአቅቦ 22። የተቃውሞው ምክንያት፦ በ20,000 ብር ክፍያ 15 ሐዘን ቢደርስ 18,000 ብር፣ 22 ቢደርስ 158,000 ብር ስለሚጎድል፤ አማራጭ ሆኖ የቀረበው 15,000 ብር ወይም የ130 ብር መዋጮ ነው። ውሳኔው ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይታያል።» ስድስት ወሩ ሲሞላ ጸሐፊው ከኮሚቴው ሪፖርት በፊት ይህንኑ አንቀጽ ያንብብ፤ ሒሳብ ሹሙም ቀጥሎ በስድስቱ ወር የደረሰውን ሐዘን ቁጥር፣ የተከፈለውን ገንዘብና በባንክ የቀረውን ይናገር።

ከአክብሮት ጋር፣
በማኅበራት ሒሳብና ቃለ ጉባኤ አሠራር ላይ የሚሠራ አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ